ለመቁረጥ ፈቃድ፣ ለመከርከም ነፃነት

እንደ ድሬዳዋ ባለ ሞቃት ከተማ፣ በሳቢያን ሰፈር ግቢዎች የሚበቅል ኒም ወይም ማንጎ ጥላው ከአጥር አልፎ ለጎረቤትና ለመንገደኛ ይደርሳል። ሳቢያን ከተማዋ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውኃ ጉድጓዶች የሚገኙበት አካባቢም ነው፤ ዝናብ ወደ መሬት በደንብ የሚሰርገው ደግሞ አፈሩ በሥርና በቅጠል ሲያዝ ነው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በከተማዋ ከ200 በላይ ሰው የቀጠፈው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ፣ የተራቆተ ተዳፋት ምን ዋጋ እንደሚያስከፍል አሳይቷል። ስለዚህ የደረሰ ዛፍን ከሥሩ መቁረጥ የባለቤቱ ብቻ ውሳኔ ሊሆን አይገባም፤ የቀበሌ ፈቃድ ያስፈልገዋል።

«በገዛ እጄ የተከልኩትን ማንን ላስፈቅድ?» የሚለው ተቃውሞ ክብደት አለው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 በጉልበት ለተፈራ ንብረት ዋስትና ይሰጣል፤ ይኸው አንቀጽ ግን አጠቃቀሙ ለሕዝብ ጥቅም ሲባል በሕግ ሊወሰን እንደሚችልም ይደነግጋል። ከዚህ የሚከብደው ስጋት ፈቃድ ለማግኘት የሚደረገው ምልልስ ነው። ሥሩ ግድግዳ የሰነጠቀበት ወይም ቅርንጫፉ የመብራት ሽቦ የነካበት ነዋሪ ለወራት ደጅ መጥናት የለበትም። አስቸጋሪ ደንብ ዛፍን አያድንም፤ ሰው ጨርሶ እንዳይተክል ያደርጋል። በመሆኑም ቅርንጫፍ መከርከም ያለ ፈቃድ ይፈቀድ፤ አደገኛ ዛፍ ባለሙያ አይቶት በቀናት ውስጥ ይወሰንበት፤ የቆረጠ ሁሉ በምትኩ ተክሎ ያጽድቅ። አስተዳደሩም በየመንገዱ ዳር ያሉትን ዛፎች በዚሁ ደንብ ይጠብቅ፤ ነዋሪው የሚያከብረው ደንብ አውጪው ራሱ የሚገዛበትን ነው።