ከብሩክሊን የመጣው ከበደ

ነገሩ የተጀመረው ዶርም ውስጥ ነው። ቅዳሜ ማታ ስድስት ልጆች አንድ አልጋ ላይ ተደራርበን፣ አንድ ላፕቶፕ ፊታችን አስቀምጠን «ዘ ዋየር» የተባለውን ተከታታይ ፊልም እናያለን። ፊልሙ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2008 የታየ የባልቲሞር ከተማ ታሪክ ነው፤ እኔ ሳልወለድ የተጀመረ ቢሆንም ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲዞር እኛ ጋ ደርሷል። ስትሪንገር ቤል የሚባለው የአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴ ረጋ ብሎ ሲያወራ ከመሐላችን አንዱ «ይሄ ሰውዬ እኮ እንግሊዛዊ ነው» አለ። ማን ይመነው! በስልኩ ፈልጎ አሳየን። ኢድሪስ ኤልባ፣ የለንደን ልጅ፣ አባቱ ከሴራሊዮን እናቱ ከጋና። እሱን የሚያሳድደው መርማሪ ፖሊስ ዶሚኒክ ዌስትም የሼፊልድ ልጅ ሆኖ ተገኘ። ከንቲባ ለመሆን የሚሯሯጠው ፖለቲከኛስ? አይዳን ጊለን፤ እሱ ደግሞ አየርላንዳዊ። ወንጀለኛውም፣ ፖሊሱም፣ ፖለቲከኛውም ባሕር ተሻግረው የመጡ!

«ታዲያ አሜሪካ ሰው አጥታ ነው?» አለ ከጎጃም የመጣው የዶርሜ ልጅ።

እኔ ዘልዬ ገባሁ። ተዋናይ ማለት እኮ ያልሆነውን የሚሆን ሰው ነው፤ ንጉሥ ለመጫወት ንጉሥ መሆን አያስፈልግም አልኩ። ማስረጃም ደረደርኩ። «ሀውስ» በተባለው ተከታታይ ፊልም ላይ (እ.ኤ.አ. 2004–2012) ነገረኛውን የአሜሪካ ሐኪም የተጫወተው ሂው ሎሪ እንግሊዛዊ ነው፤ ናሚቢያ ውስጥ ሌላ ፊልም እየሠራ ሳለ የሙከራ ቴፑን የቀረጸው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነበር። ቴፑን ካዩት አዘጋጆች አንዱ «እንዲህ ያለ አሜሪካዊ ነው የምንፈልገው» አለ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው «ሰልማ» ደግሞ ይባስ! ማርቲን ሉተር ኪንግን፣ ባለቤቱን ኮሬታን፣ ፕሬዚዳንት ጆንሰንን፣ የአላባማውን ገዥ ዋላስን፣ አራቱንም የተጫወቱት እንግሊዛውያን ናቸው። እና ማን ምን አጣ? ብዬ ጨረስኩ። ያሸነፍኩ መስሎኝ ተኛሁ።

ለዚህ ጽሑፍ ብዬ ነገሩን ስከታተል ግን የልጁ ጥያቄ የሱ ብቻ እንዳልሆነ አየሁ። እ.ኤ.አ. በ2017 ሳሙኤል ኤል. ጃክሰን በአንድ የኒውዮርክ ሬዲዮ ላይ ይህንኑ አንስቷል። «ጌት አውት» የተባለው ፊልም ላይ አሜሪካዊውን ጥቁር ወጣት የተጫወተው ዳንኤል ካሉያ ለንደን ያደገ ነው። የአገሬው ልጅ፣ ዘረኝነቱን በአጥንቱ የሚያውቀው፣ ቢጫወተው ምን ይመስል ነበር? የሚል ነበር የጃክሰን ጥያቄ። ካሉያም ጥቁርነቴን ለማን ነው የማረጋግጠው በሚል ስሜት መልሷል፤ ለንደንም ዘረኝነት አለ። ጃክሰን ቆይቶ፣ ያነሳሁት የሆሊውድን አሠራር እንጂ ልጁን አይደለም አለ። ካሉያ እ.ኤ.አ. በ2021 ኦስካር የወሰደው መልሶ አሜሪካዊ ሆኖ፣ ፍሬድ ሃምፕተንን ተጫውቶ ነው። እንግዲህ ማን ልክ ነው? እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያኔ የካሉያ ደጋፊ ነበርኩ።

ሐሳቤን ያናጋው ሌላ ፊልም ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 በኔትፍሊክስ የወጣ «ዘ ሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት» የሚባል ፊልም አለ። የእስራኤል ሰላዮች በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ በሱዳን የቀይ ባሕር ዳርቻ የመዋኛ ሆቴል የከፈቱ መስለው ቤተ እስራኤላውያንን ያሻገሩበት ታሪክ ነው። ታሪኩ የኛው ሰዎች ነው። ከኢትዮጵያውያኑ ትልቁ ገፀ ባሕርይ ከበደ ይባላል። ከበደን የሚጫወተው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ማይክል ኬኔት ዊሊያምስ! ያው «ዘ ዋየር» ላይ ኦማር ሆኖ ያፈዘዘን የብሩክሊን ልጅ። (እ.ኤ.አ. በ2021 አርፏል። ኦማርን የሚያህል ገፀ ባሕርይ እስካሁን አላየሁም፤ ይሄን ሳልል አላልፍም።)

ከበደ አፉን ሲከፍት ዶርሙ በሳቅ ፈረሰ። እንግሊዝኛውን በ«አፍሪካ» ዘዬ ነው የሚናገረው፤ የየትኛው አፍሪካ እንደሆነ እንጃ። ከሐበሻ አፍ የሚወጣ እንግሊዝኛ ግን አይደለም፤ እኛ እኮ የራሳችን እንግሊዝኛ አለን፣ ከሩቅ ይታወቃል። ሙድ ያዝንበት። ሳቁ ሲያልቅ ግን የሆነ ነገር ቆረቆረኝ። ይሄ ትልቅ ተዋናይ ነው፤ ችሎታ አነሰው አይባልም። ታዲያ ምን ጎደለ? ደግሞስ እኔ አይደለሁም እንዴ «ማን ምን አጣ?» ያልኩት?

ልዩነቱ ቆይቶ ነው የገባኝ። ሊንከንን እ.ኤ.አ. በ2012 የተጫወተው ዳንኤል ዴይ ሉዊስ ለንደን የተወለደ ነው፤ ኦስካርም ወስዶበታል። እሱ እንኳ ቢያበላሸው ሊንከን ምንም አይሆንም፤ ብዙዎች ተጫውተውታል፣ አንዱ ያጣመመውን ሌላው ያቃናዋል። ከበደ ግን አንድ ነው። አዮዋ ወይም ኦስሎ የተቀመጠ ተመልካች በዕድሜው በፊልም የሚያየው ኢትዮጵያዊ ምናልባት እሱ ብቻ ይሆናል። የጃክሰንም ብሶት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ለአሜሪካ ነጮች በዓመት ስንት መቶ ገፀ ባሕርይ ይጻፋል፤ ሂው ሎሪ አንዱን ቢወስድ ማንም አይራብም። ለጥቁሮቹ የሚጻፈው ትልቅ ገፀ ባሕርይ ግን ጥቂት ነው። እንዲህ ስለሆነ ነው እ.ኤ.አ. በ2018 ሃሪየት ተብማንን የናይጄሪያውያን ልጅ የሆነችው የለንደኗ ሲንቲያ ኤሪቮ ትጫወታለች ሲባል ተቃውሞ የተነሳው። በር ላይ የሚጠብቀው ብዙ፣ የሚከፈተው በር አንድ።

ታዲያ በፓስፖርት ይወሰን? እሱንም አልልም። ሩት ነጋን ተመልከቱ። አዲስ አበባ ነው የተወለደችው፤ አባቷ ኢትዮጵያዊ ሐኪም፣ እናቷ አየርላንዳዊት ነርስ። በአራት ዓመቷ ከዚህ ወጥታ አየርላንድ፣ ሊምሪክ አደገች። እ.ኤ.አ. በ2016 «ላቪንግ» ላይ ሚልድረድ ላቪንግን ሆነች፤ ነጭ አግብተሻል ተብላ እ.ኤ.አ. በ1958 ቨርጂኒያ ውስጥ ከነባሏ ከመኝታዋ ተነስታ የታሰረችዋን ሴት። ጉዳያቸው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1967 በዘር የጋብቻ ክልከላን በመላ አገሪቱ ያፈረሰ ነው። ባሏን የተጫወተው ጆል ኤጀርተን ደግሞ አውስትራሊያዊ። አያችሁ፣ ከዚህ የበለጠ የአሜሪካ ታሪክ ከየት ይመጣል? ግን ሁለቱም ቁጭ ብለው የባልና ሚስቱን የድሮ ቅጂ አጥንተዋል። ሩት ብዙ አታወራም፤ ሚልድረድም ብዙ የምታወራ ሴት አልነበረችም። አንገቷን ደፋ አድርጋ ቀና ስትል ብቻ ይበቃል። ለኦስካር ስትታጭ «የኛ ልጅ!» ብለን ስንት ተባባልን። ቦታውን ያጣች አሜሪካዊት ትኖር ይሆን ብሎ የጠየቀ ግን አልሰማሁም። እኔም አልጠየቅሁም።

ዘዬው ብቻውን ትንሹ ነገር ነው። እንግሊዞቹ «ካር» ሲሉ መጨረሻ ያለችዋን «ር» ይውጧታል፣ አሜሪካኖቹ ያሰሟታል፤ «ዋተር» ውስጥ ያለችው «ተ» አሜሪካኖቹ ጋ ወደ «ደ» ትጠጋለች። ይህንን የሚያስለምዱ አሠልጣኞች ሞልተዋል። ለሰውየው ዝምታ ግን አሠልጣኝ የለም፤ ቁጭ ብሎ ማየት ነው።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፣ ማምለጫ የለኝም። አምና በተማሪዎች ዝግጅት ላይ በቀረበች አጭር ድራማ የባላገር ገፀ ባሕርይ ተሰጠኝ። እኔ አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ ገጠርን የማውቀው በአውቶቡስ መስኮት ነው። ጋቢ ለበስኩ፣ ዱላ ያዝኩ፣ ድምፄን አሻከርኩ፣ ሊፍት አይቶ የሚያማትብ ሰውዬ ሆንኩ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። የዶርሜ ልጅ፣ የገበሬ ልጅ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበር። ማታ «አሪፍ ነበር» አለኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ድካም መስሎኝ ነበር። ከበደን አይተን ስቀን፣ ስቀን ካበቃን በኋላ ነው ያቺ ማታ ትዝ ያለችኝ። እሱን ግን ድራማው ላይ ትሞክራለህ ወይ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ዘንድሮም ድራማ አለ፣ ዘንድሮም ባላገር አለበት፣ ዘንድሮም ለኔ ተሰጠኝ። ስክሪፕቱን ይዤ ሄድኩና አልጋው ላይ አስቀመጥኩለት። አንብቦ እስክሪብቶ አነሳና የመጀመሪያዎቹን አራት መስመሮች ሰረዛቸው።

«አባቴ የማያውቀው ቤት ሲገባ መጀመሪያ ዝም ነው የሚለው» አለኝ።

«ለምን አንተ አትጫወተውም?» አልኩት። ሳቀ። ልምምዱ ሐሙስ ነው፤ እመጣለሁ ብሏል።