ጸሎት ፈተናን ያስወግዳልን?

መጠጥ ለመተው የቈረጠ አንድ የከተማ ሰው ምክር ቢጠይቅ፥ አንድ መምህር «ጸልይ፤ አምሮቱ ይጠፋልሃል» አለው። ሰውየውም የሁዳዴን ጾም ሙሉ ጸለየ፤ 55ቱ ቀን ሲፈጸም ግን አምሮቱ እንደ ነበረ ነበረ። «እግዚአብሔር አልሰማኝም» ብሎም ጸሎቱን ተወ፤ ወደ አረቄውም ተመለሰ። ይህን የነገረኝ እርሱ ራሱ ነው፤ በኑዛዜ አይደለምና መጻፌ ነውር አይሆንም። እንደዚህ ያለውን ምክር እኔም ካንድ ጊዜ በላይ ሰጥቻለሁ።

ምክሩ ግን ሐሰት ነው፤ ጸሎትን እንደ ክታብ ያደርገዋልና። አምሮቱ ያልጠፋለት ሰው ጸሎቱ አልተሰማም የሚል ቢኖር፥ በጌቴሴማኒ ስለ ሆነው ነገር ምን ይመልሳል? ጌታችን ሦስት ጊዜ ጸለየ፤ ጽዋውም አላለፈም። መተርጕማን ይህን ያደረገው ለእኛ አርአያ ሊሆን ነው ይላሉ፤ መልካም ብለዋል። እንግዲያስ አርአያነቱ በምኑ ላይ ነው? ጽዋው በማለፉ ነውን? ጳውሎስም የሥጋው መውጊያ ይለየው ዘንድ ሦስት ጊዜ ለመነ፤ የተሰጠው ግን የሚችልበት ጸጋ ነው እንጂ መውጊያው አልተነቀለለትም።

የጴጥሮስንም ነገር ስናስተምር ከዶሮው ጩኸት እንጀምራለን፤ መጀመሪያው ግን እንቅልፉ ነው። እንዲተጋና እንዲጸልይ በታዘዘበት ሰዓት ተኛ፤ ሲነቃ ሰይፍ መዝዞ የማልኮስን ጆሮ ቈረጠ፤ በዚያችው ሌሊት ደግሞ በአንዲት ገረድ ፊት ካደ። ድፍረቱም ፍርሀቱም ጸሎት ከጐደለባት ከዚያች ሰዓት የመጡ ናቸው።

ሰዓት ማለቴ በከንቱ አይደለም። አባቶቻችን ከነግህ እስከ መንፈቀ ሌሊት ሰባት የጸሎት ጊዜ ሠርተዋል፤ እኛ ካህናቱ ቍጥሩን ለደቀ መዝሙር እናስጠናዋለን፥ ለተፈተነ ሰው ግን አንነግረውም። ያ ሰው የሚጸልየው ማለዳ ብቻ ነበር፤ ማለዳ አምሮቱ ተኝቷል። እግሩ ወደ አረቄ ቤት የሚያዘነብለው በሠርክ፥ ከሥራው ሲወጣ ነው፤ መንገዱም በዚያው ደጃፍ ነበር። መንገድህን ለውጥ፥ በዚያች ሰዓት ቁም፥ ለዛሬ ማታ ብቻ ለምን፥ ነገ ማታ ደግሞ እንደ ገና ትለምናለህ ያለው ሰው አልተገኘም። ሐኪም ቢያስፈልገውም ይሂድ ነበር፤ ጸሎት ከሐኪም አይከለክልም።

«አምሮቱ ካልጠፋ ጸሎቱ ምን ረባው?» የሚሉኝ አሉ። አምሮት ሳይጠፋ ያልተጠጣ አንድ ማታ ለእነርሱ ምንም አይደለምን? የሰካራም ሚስት ብትጠየቅ ምን እንደሚረባ ታውቃለች።

ያን ሰው አሁንም አልፎ አልፎ አገኘዋለሁ። ይህን ሁሉ ነግሬዋለሁ፤ ዝም ብሎ ይሰማኛል እንጂ አይመልስልኝም።