ከ254ቱ ሰባቱ ብቻ

ሰባት ቤት ሳይደናቀፍ የሚቆጥር ልጅ በሰርግም በለቅሶም ይመረቃል። «የማን ልጅ ነህ?» ሲሉት የአባቱን፣ የአያቱን፣ የቅድመ አያቱን ስም እያስከተለ እስከ ምንዝላትና እንጅላት ይወጣል። ሽማግሎቹም «ዘሩን የሚያውቅ የጨዋ ልጅ!» ብለው ያሞግሱታል። የጠራቸው ሁሉ ግን ወንዶች ናቸው። ከወላጆቹ ጀምረን ሰባት ትውልድ ብንወጣ እናትና አባት ሁለት፣ አያቶች አራት፣ ቀጥሎ ስምንት፣ ዐሥራ ስድስት እያለ ሰባተኛው ቤት ላይ 128 ይደርሳል፤ ሲደመር 254 ሰው ነው። ከነዚህ 127ቱ ሴቶች ናቸው። ልጁ የቆጠረው ሰባት ሲሆን የወለደችው እናቱ እንኳ ከመሐላቸው የለችም። ይህ ልጅ ዘሩን አያውቅም፤ ያውቃል ብለን የምንመርቀውም እኛው ራሳችን አናውቅም።

ነገሩ የክብር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሰባት ቤት የሚቆጠረው በመጀመሪያ ለጋብቻ ነው፤ ሙሽሮቹ እንዳይዛመዱ። ዝምድና ደግሞ በእናትም ዝምድና ነው፤ ደንቡ የእናትን ወገን ከአባት ወገን ለይቶ አይፈቅድም። አንዲት ቅድመ አያት ከመጀመሪያ ባሏ ተፋትታ ወይም ሞቶባት ሌላ አገር አግብታ ወለደች እንበል፤ በደገኛው አገር ይህ ብርቅ አልነበረም። የሁለቱ ወገን ልጆች በአባት ስም ሲቆጠሩ የትም አይገናኙም። የሚያገናኛቸው የእሷ ስም ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ አልተቆጠረም። በወንድ ሐረግ ብቻ የሚቆጠር ሰባት ቤት የቆመለትን ሥራ እንኳ አይሠራም።

«ምን ይደረግ፣ ባህላችን ነው» የሚለው መልስ ከሁሉ በላይ ያናድደኛል፤ እውነት አይደለምና። የኦሮሞና የሶማሌ የጎሣ ቆጠራ በአባት መስመር የተዋቀረ ነው፤ እሱ የራሱ ሥርዓትና ምክንያት አለው። የጎጃምና የጎንደር ገበሬ ግን ለርስቱ ሲሟገት በአባቱ ብቻ አልቆጠረም። ከአቅኚ አባት ተነሥቶ እስከ ራሱ ሲወርድ ሐረጉ በወንድም በሴትም ያልፍ ነበር። የአባቱ እናት ከሌላ ደብር የመጣች እንደሆነ እዚያ ሄዶ በእሷ ስም ድርሻውን ይጠይቃል፤ በሚስቱም ርስት ያርሳል። አሜሪካዊው አላን ሆበን የዳሞትን አገር የርስት ሥርዓት አጥንቶ በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ ዋና ነገሩ ይኸው ነው፤ ሰው በሁለቱም ወላጆቹ በኩል ወራሽ ነበር። የአንዲት አያት ስም ከሐረጉ ከጠፋ መሬቱም ይጠፋል። ስለዚህ ሽማግሎች ሴቶቹን በስማቸው፣ ከነመንደራቸውና ከነባሎቻቸው ያውቁ ነበር። ሴቶቹ በሥርዓቱ እኩል ተጠቅመዋል ማለቴ አይደለም፤ ወደ ባሏ አገር የሄደች እህት ድርሻዋን ለወንድሞቿ ትታ የቀረችበት ጊዜ ብዙ ነው። የልጅ ልጇ ግን እሷን ሳይጠራ ክርክሩን አያሸንፍም ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ፤ የርስት ሙግትም አበቃ። እኔ እንደማምነው ከሙግቱ ጋር የሴት አያቶችን ስም የመያዝ ግዴታም ቀረ። ለጥቅም ሲሆን እናስታውሳቸው ነበር፤ ለፍቅርና ለእውነት ሲሆን ግን ተውናቸው። ዛሬ «ጥንታዊ» ብለን የምንከላከልለት የወንድ ብቻ ቆጠራ ከአያቶቻችን እውቀት ተርፎ የቀረ ቁራጭ ነው።

የዙፋኑም ታሪክ ከዚህ አይለይም። ልጅ ኢያሱ የዳግማዊ ምኒልክ ወራሽ የሆኑት በእናታቸው በወይዘሮ ሸዋረጋ ምኒልክ በኩል ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የሚወርዱት በአባታቸው በራስ መኮንን እናት፣ በወይዘሮ ተናኘወርቅ ሣህለ ሥላሴ ነው። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ንጉሠ ነገሥቱን የሣህለ ሥላሴ ተወላጅ ብሎ ዙፋኑን በዘራቸው ሲያጸና መላ ማስረጃው ያረፈው በአንዲት ሴት ላይ ነበር። በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ደግሞ አልጋውን የሚወርሰው ወንድ ብቻ እንዲሆን ደነገገ። በሴት አያታቸው ዘውድ የደረሱት ንጉሥ ያንኑ በር በሴት ልጆቻቸውና በሴት የልጅ ልጆቻቸው ላይ ዘጉት። በትምህርት ቤት አንድ ሰዓት ሙሉ ትምህርት ሊሰጥበት የሚገባውን ይህን ነገር ስንቶቻችን ሰምተነዋል?

የእናት ስም ወደ ታሪካችን የሚገባበት አንድ ሌላ መንገድ አለ፤ እሱም ስድብ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስን ጠላቶቻቸው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ይሏቸው ነበር፤ እናታቸውን ወይዘሮ አትጠገብን የምናስታውሳቸው በዚያ ነው። የምኒልክ እናት የወይዘሮ እጅጋየሁ ለማ ነገርም ሲነሣ የቤተ መንግሥት አገልጋይ ነበሩ የሚለው ይቀድማል። ልጁን ለማሳነስ ስትፈለግ ብቻ እናቲቱ ትጠራለች።

ገድል ጸሐፊዎቻችን ከእኛ ይሻሉ ነበር። የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ልደት የሚያውቅ ምእመን አባታቸውን ጸጋ ዘአብን ብሎ እናታቸውን እግዚእ ኀረያን ሳያስከትል አይቀርም። የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ገድል የተጻፈው ከሞተች 30 ዓመት ያህል ቆይቶ ነው፤ ጸሐፊው ግን አባቷ ባሕር ሰገድ፣ እናቷ ክርስቶስ ዕበያ መሆኗን መዝግቦልናል። በ17ኛው ምዕተ ዓመት በብራና ላይ የጻፈ መነኩሴ ያደረገውን፣ በየኪሱ ስልክ የያዘው የእኛ ትውልድ አላደረገም።

በየዓመቱ የካቲት 29 የሴቶች ቀን፣ ማርች 8፣ ይከበራል። ቲሸርት ይታተማል፣ አበባ ይታደላል፣ ቡና ይፈላል፤ መድረኩ ላይ እቴጌ ጣይቱ፣ እቴጌ ምንትዋብ፣ ንግሥት ሳባ ይጠራሉ። ጣይቱ ይገባቸዋል። በ1888 ዓ.ም. መቀሌ እንዳ ኢየሱስ ላይ የመሸገውን የጣሊያን ጦር ውኃ ያሳጣው ዘዴ የእሳቸው ነው፤ የማይጠሩበት ቀን ባይኖር ደስታዬ ነው። ነገር ግን ሦስት አራት ንግሥታትን እየደጋገሙ መጥራት ሌሎቹን የማስታወስ ግዴታ የተወጣን ያስመስለናል። በዚያው ዘመቻ ከሸዋ እስከ ዐድዋ በእግራቸው ተጉዘው፣ በየሰፈሩ ፈጭተውና ጋግረው፣ ውኃ ቀድተው፣ ቁስለኛ አስታመው ጦሩን ያቆሙት ሴቶች የየቤተሰቡ አያቶች ናቸው፤ የእኔና የእናንተ ቤተሰብ። ስማቸው በቤተ መንግሥት መዝገብ አልተጻፈም፤ ሊገኝ ይችል የነበረው በየቤታችን ነበር። የቤተ መንግሥት ሴቶችን እንኳ በወንድ በኩል ነው የምናስተዋውቀው። አርበኛዋ ከበደች ሥዩም ስትነሣ «የራስ ሥዩም ልጅ፣ የደጃዝማች አበራ ካሣ ሚስት» እንላለን፤ ባለቤቷ በ1929 ዓ.ም. ፍቼ ላይ ከተገደሉ በኋላ ጦር እየመራች መዋጋቷ ከዚያ በኋላ ይመጣል፣ ከመጣ።

«የእኛ ሴቶች ሲያገቡ ስማቸውን አይቀይሩም» የሚል ኩራትም አለን። እውነት ነው፣ መልካምም ነው። ሆኖም ከስሟ ቀጥሎ ያለው የአባቷ ነው፤ ልጆቿ የሚጠሩበት ደግሞ የባሏ። ፓስፖርታችን ላይ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ተደርድሮ ሲታይ የሦስት ትውልድ እናቶች ያለ ምልክት ታልፈዋል። የእናቴን ስም ጠይቆ ያለሱ ሥራውን አልጀምርም የሚል የማውቀው ባለሙያ ኮከብ ቆጣሪው ብቻ መሆኑ ያሳዝነኛል።

አሁን በአዲስ አበባም በዋሽንግተንም ቤተሰቦች የዘር ሐረጋቸውን በመጽሐፍ እያሳተሙ፣ በትልቅ ወረቀት እየሣሉ በቤተሰብ ጉባኤ ይሰቅላሉ። ሥራው የሚደነቅ ነው፤ ለሴት አያቶቻችን ያለብን ዕዳ እዚህ ላይ ካልተከፈለ ግን የትም አይከፈልም። በብዙዎቹ የወንዱ ቅርንጫፍ እስከ ሕፃናት ድረስ ይወርዳል፤ የሴት ልጅ ቅርንጫፍ በስሟ ላይ ይቆማል፣ ልጆቿ «የሌላ ቤት» ናቸውና። የአያቶች ሚስቶች ስም ባዶ ይቀራል፣ ወይም «ባለቤታቸው» ይባላል። አዘጋጆቹን የምጠይቃቸው ሁለት ነገር ነው፤ ማንም ወንድ ከወለደችለት ሴት ስም፣ ከአባቷና ከትውልድ አገሯ ጋር ካልሆነ በቀር ለብቻው እንዳይጻፍ፣ የሴት ልጅ ዘርም እንደ ወንዱ እስከ መጨረሻው እንዲወርድ። መጽሐፉ ይወፍራል፤ ይወፍር። ስሙ የጠፋበት ቦታም ባዶውን ይታተም፤ አንባቢው ክፍተቱን አይቶ የሚያውቅ አክስት ካለችው እንዲደውልላት። እነዚህን ስሞች የያዙት ዛሬ ሰማንያና ዘጠና የሞላቸው ሴቶች ናቸው፤ ማርች 8 ደርሶ እስኪጠየቁ መጠበቅ አይችሉም።