ደብተሩ ተቃጠለ፤ ልጅቱስ?

ከስድስት ዓመት በፊት በአንድ የወጣቶች ኮንፈረንስ መዝጊያ ምሽት ግቢ ውስጥ እሳት አንድደን ነበር። “ከጌታ የሚለያችሁን ነገር አምጡና ጣሉ” አልን። ሲዲ የጣለ አለ። አንዱ ልጅ የሲጋራ ፓኮ ሲጥል ሁላችንም “ሃሌሉያ!” ብለን ጮኽን። ከዚያ አንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት እህት ወፍራም የሥዕል ደብተር በሁለት እጇ ታቅፋ መጣች። እሳቱ አጠገብ ስትደርስ ቆመችና ወደ እኔ ዞረች። “ጋሼ፣ ይሄም ነው?” አለችኝ። ተቀብዬ ገለጥ ገለጥ አደረግሁት። ትልልቅ ዓይን ያላቸው ሰዎች፣ ጭምብል፣ ሰይፍ። “ይሄም ነው” አልኳት። የወረወርኩትም እኔ ራሴ ነኝ።

ዛሬም በየኅብረታችን “ይሄም ነው” የሚሉ አስተማሪዎች አሉ። ተሳስታችኋል ልላቸው ነው የምጽፈው፤ መጀመሪያ የተሳሳትሁት እኔ ነኝና።

ወጣቶች ነገሩን ታውቁታላችሁ። መጽሔቱን ከእናንተ ተቀብለው ለሚያነቡ ሽማግሌዎች ግን ባጭሩ ላስረዳ። አንድን አኒሜ ወይም ልብ ወለድ የሚወዱ ልጆች በቴሌግራም ወይም በዲስኮርድ ይሰባሰባሉ፤ ስብስቡን ፋንደም ይሉታል። ከዚያ በታሪኩ ዓለም ውስጥ የሚኖር፣ ዋናው ደራሲ ያልፈጠረው የራሳቸውን ገጸ ባሕርይ ይፈጥራሉ፤ “ኦሲ” ይሉታል። ስም ያወጡለታል፣ ይሥሉታል፣ የልጅነት ታሪክ ይጽፉለታል። ሮልፕሌይ ደግሞ አንዱ በገጸ ባሕርዩ አፍ አንድ አንቀጽ ሲጽፍ ሌላው በራሱ ገጸ ባሕርይ አፍ እየመለሰለት ታሪኩን አብረው የሚገፉበት ጨዋታ ነው። ይኸው ነው። ሻማ የለ፣ ድግምት የለ።

ክሱ ሁለት ነው። አንደኛው “የሌለን ሰው መፍጠር ውሸት ነው” ይላል። ነቢዩ ናታን ዳዊት ዘንድ ገብቶ (2ኛ ሳሙ. 12) ስለ አንድ ድሃና ስለ አንዲት በግ ሲያወራ፣ ያ ድሃ በየትኛው ሰፈር ይኖር ነበር? የትም። ንጉሡ ግን በባለጠጋው ላይ በቁጣ ነደደ፤ ራሱንም ያየው በዚያ በሌለ ሰው በኩል ነው። ሁለት ምዕራፍ እለፉ። የቴቁሔዋ ሴት የሐዘን ልብስ ለብሳ፣ ኢዮአብ የነገራትን ቃል ይዛ፣ ልጇ የተገደለባት መበለት ሆና ንጉሡ ፊት ቆመች። ይህ ሮልፕሌይ ካልሆነ ምን ሊባል ነው? (ኢዮአብን ለአርአያነት አላቀርበውም፤ እጁ ላይ ብዙ ደም ያለ ሰው ነው።) እንዲያውም ሴትዮዋ ንጉሡን አታልላለች። ልጆቹ ግን ማንንም አያታልሉም፤ እዚያ ያለ ሁሉ ጨዋታ መሆኑን ያውቃል። ጌታችን የተናገረላቸው ያ የጠፋው ልጅና በደጅ ቆሞ ያኮረፈው ታላቅ ወንድሙስ መዝገብ ላይ የሰፈሩ ሰዎች ናቸው?

ሁለተኛው ክስ “የገጸ ባሕርዩ መንፈስ ይጋባል” የሚለው ነው። እኛ ቤተ ክርስቲያን በየገናው ሄሮድስን የሚጫወት ወንድም አለ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሕፃናት ሲያስፈጅ ኖረ፤ በአራተኛው ዓመት ዲያቆን አድርገን መረጥነው። መንፈስ ተጋባበት ያለ አልነበረም። ድራማ ክፍሉ መድረክ ላይ ሲሠራው አገልግሎት፣ ልጅቱ ደብተር ላይ ስትሠራው አጋንንት የሚሆነው በምን ሚዛን ነው?

የእሳቱን ጥቅስም አውቃለሁ፤ እኔም ጠቅሼዋለሁ። የሐዋርያት ሥራ 19። ዋጋቸው 50,000 ብር የሆነ መጻሕፍት በኤፌሶን ተቃጠሉ። ግን የጥንቆላ መጻሕፍት ነበሩ። ባለቤቶቹም ምን እንደ ሆኑ አውቀው ራሳቸው አመጧቸው እንጂ ጳውሎስ የልጅ ደብተር ተቀብሎ እየገለጠ “ይሄም ነው” ሲል አናነብም።

ክሱ አዲስ እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ “ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ” የተባለው የገጸ ባሕርይ ጨዋታ በ1974 እ.ኤ.አ. ወጣ። ጃክ ቺክ የተባለው የትራክት አዘጋጅ በ1984 ይህ ጨዋታ ልጆችን ወደ ጥንቆላ ይወስዳል የሚል የሥዕል ትራክት አሳተመ፤ በዚያን ጊዜ ብዙ አማኝ ወላጆች በእውነት ፈርተው ነበር። ፍርሃቱ ይገባኛል። መድኃኒቱን ነው የምቃወመው።

እስቲ አንድ ሌላ ቤት ልውሰዳችሁ። በ1826 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር፣ ሃወርዝ በምትባል መንደር፣ ፓትሪክ ብሮንቴ የተባለ ቄስ ለወንድ ልጁ ለብራንዌል ከሊድስ ከተማ 12 የእንጨት ወታደሮች ገዝቶ መጣ። ሚስቱ ሞታለች፤ ባለፈው ዓመት ደግሞ ሁለት ሴቶች ልጆቹን ቀብሯል። የቀሩት አራት ልጆች ወታደሮቹን ተካፈሉ። ሻርሎት የራሷን ዌሊንግተን አለችው፤ በሕይወት የነበረውን የጦር መሪ። ብራንዌል የእሱን ቦናፓርት አለው። ዛሬ ፋንደም የምንለውን ጀመሩት ማለት ነው፤ የሰው ጀግና ወስደው የራሳቸውን ታሪክ ቀጠሉለት። ከዚያ አንግሪያና ጎንዳል የተባሉ አገሮች ፈጠሩ፤ ካርታ ሣሉ፤ በመዳፍ በሚያዝ ትንንሽ መጽሐፍ ላይ ለዓይን በሚያስቸግር ደቃቅ ፊደል ጻፉ። በ1847 “ጄን ኤየር”ን እና “ዉዘሪንግ ሃይትስ”ን ለዓለም ያበረከቱት ከእነዚሁ ልጆች ሁለቱ፣ ሻርሎትና ኤሚሊ ናቸው።

ቄሱ አባት ምን አደረገ? አላቃጠለም። ለሻርሎት ባዶ ደብተር ሰጣት፤ በላዩም የሚጻፈው ሁሉ በጥሩ፣ ግልጽና በሚነበብ የእጅ ጽሑፍ ይሁን የሚል ማሳሰቢያ ጻፈበት። የጠየቀው እንዲነበብ ብቻ ነው።

ሁሉም አማረ አልልም፤ እንዲህ ብዬ ብተወው ዋሾ እሆናለሁ። ሻርሎት አስተማሪ በነበረችበት ዘመን ልቧ አንግሪያ ውስጥ ቀርቶ፣ ተማሪ ሲጠራት እየተናደደች፣ የገዛ ምናቧ እየዋጣት ተጨንቃለች፤ ኋላም ያን ዓለም ተሰናብታ የምትወጣበትን ጽሑፍ ጻፈች። ብራንዌል ደግሞ በመጠጥና በኦፒየም ተጎድቶ በ31 ዓመቱ ሞተ። አንግሪያ ገደለው አይባልም። የፈጠራ ስጦታ ብቻውን ሰው እንደማያድን ግን ያሳያል። ከእናንተ መካከል ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገጸ ባሕርዩ ሲቆስል የሚያለቅስ፣ እዚያው ክፍል የተኛች እህቱ ስታስል ግን የማይሰማ ካለ፣ ለእሱ የምለው አለኝ። ስልኩን ይዝጋና ውኃ ያቅርብላት።

አሁን ወደ ደብተሩ ልመለስ።

ልጅቱ አላቆመችም። እሳቱ የወሰደው ወረቀቱን ነው። ገጸ ባሕርይዋን ወደ ስልኳ አዛወረቻት። ገጸ ባሕርይዋ በናሩቶ ዓለም ውስጥ የምትኖር ሐኪም ነች፤ የመንደሩን ሰው ሁሉ ትፈውሳለች፣ የገዛ እናቷን ግን መፈወስ አልቻለችም። ያን ዓመት የልጅቱ እናት ታምማ ነበር። እኔ የማላውቀውን ደብተሩ ያውቅ ነበር፤ እኔ ግን ሰይፉን ብቻ አየሁ።

በዓመቱ አብሯት ሮልፕሌይ የሚጽፍ አንድ ሰው “ለብቻችን እናውራ” አላት። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነኝ ብሏት ነበር፤ የጎልማሳ ሰው ድምፅ ነበረው። መጀመሪያ በገጸ ባሕርዩ ስም የማይባል ነገር ጻፈላት። ቀጥሎ ፎቶ ጠየቃት። እምቢ ስትለው “ለቤተ ክርስቲያንሽ እናገራለሁ” አላት። ሦስት ወር ሙሉ ይህን ማስፈራሪያ ብቻዋን ተሸከመችው። በመጨረሻ ራሷ አገደችው፤ ጌታ ይመስገን። ለእኔ የነገረችኝ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። “ለምን ያኔ አልነገርሽኝም?” አልኳት።

“ጋሼ፣ ያቃጠልነው ነገር አይደል? ምን ብዬ ልንገርህ?”

ወንድሞቼ አስተማሪዎች፣ ሰውዬው መሣሪያውን ከማን እንዳገኘ አያችሁ? “ለቤተ ክርስቲያንሽ እናገራለሁ” የሚለው ቃል ያስፈራት እኛ ስላስፈራናት ነው። ክልከላችን ተኩላውን አላስቆመውም፤ እረኛውን ነው ከመንጋው ያራቀው። ይህን በመንፈሳዊ ቋንቋ ስንሸፍነው ደግሞ በደሉ ይብሳል።

እናንተ ወጣቶች ደግሞ ስሙኝ። ገጸ ባሕርያችሁ ክፉ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ሄሮድስን የሚጫወት ሰው ያስፈልጋል። በገጸ ባሕርይ አፍ የእውነተኛ ሰው ክብር መንካት ግን ጨዋታ አይደለም። የሌላውን ሥዕል ወስዶ ስሙን አጥፍቶ የራስ ማድረግ ስርቆት ነው፤ “ኢንተርኔት ላይ አገኘሁት” ማለት “መንገድ ላይ አገኘሁት” ከማለት አይሻልም። ዕድሜውን የሚደብቅ፣ “ለብቻችን” የሚል፣ “ለማንም አትንገሪ” የሚል ሰው ሲመጣ፣ የዚያኑ ቀን ለአንድ ትልቅ ሰው ንገሩ። ያ ትልቅ ሰው የሚቆጣ ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

በእኛ ኅብረት አሁን ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ሰዓት ለዚህ ተሰጥቷል። የመጣ ይሥላል፣ የጻፈ ያነብባል። ሽማግሌዎች ፊት ሳቀርበው አንዱ አባት “ይሄ ነገር የት ይደርሳል?” አሉኝ። “ቅዳሜ መጥተው ይዩት፣ አባባ” አልኳቸው፤ መጡ፤ ከኋላ ተቀምጠው አንድ ሰዓት ሙሉ አዳመጡ።

እሷ አሁን ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ባለፈው ወር የሐኪሟን ታሪክ እንደገና በወረቀት ጀምራ ሦስት ገጽ አመጣችልኝ። ፊደሏ ከጤፍ ያነሰ ነው። መነጽሬን አውልቄ፣ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ይዤ ብሞክርም አልሆነልኝም። ጽሑፉን ትንሽ አተልቂው አልኳት።