«ከምንም ይሻላል» ማለት ይብቃ

ከ1ኛ ክፍል በፊት ያለውን የገጠር ዜሮ ክፍል ጉዳይ ያነሣ ሰው የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፦ «ከምንም ይሻላል»። ርእሰ መምህሩም፣ የወረዳው ባለሙያም፣ ወላጁም ይሉታል። ቅድመ አንደኛን ባለበት ያስቀረው ይኸው መልስ ነው ባይ ነኝ።

የዜሮ ክፍልን ሐሳብ አልነቅፍም። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ በኋላ መዋዕለ ሕፃናት በተግባር ለግል ባለሀብትና ለእምነት ተቋማት የተተወ፣ የከተማ ልጅ ነገር ሆኖ ነበር። ዜሮ ክፍል በገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተስፋፋው የ2002 ዓ.ም. የፖሊሲ ማዕቀፍ ከወጣ ወዲህ ነው። ያኔ ከ10 በመቶ በታች የነበረው የቅድመ አንደኛ ተሳትፎ በጥቂት ዓመታት ከ40 በመቶ በላይ ወጣ። የተቆጠረው ግን የተመዘገበ ልጅ ነው። ተማሪዎች ታናናሾቻቸውን የሚያስጫውቱበት «ከልጅ ለልጅ» የተባለው መርሐ ግብር እንኳ ከድምሩ ገብቷል።

እስቲ ወደ ክፍሉ እንግባ። ብዙ ጊዜ ከሌሎቹ የተረፈው ክፍል ነው፤ ዴስኩ ለትልልቅ ልጆች የተሠራ ስለሆነ የሕፃናቱ እግር መሬት አይነካም። የምታስተምረው አጭር ሥልጠና የወሰደች ወይም ሌላ ምድብ የታጣላት መምህርት ናት፤ ጎበዙ መምህርማ ለክልሉ ፈተና ሲባል 8ኛ ክፍል ይመደባል። «ሀ በሉ!» ስትል ሁሉም ይጮኻል፤ ማን እንዳወቀ፣ ማን አፉን ብቻ እንዳንቀሳቀሰ የሚያጣራ የለም። ተረትና እንቆቅልሽ ሥርዓተ ትምህርቱ ላይ አሉ፣ ክፍሉ ውስጥ የሉም። ገጠር ተረት ጠፋ ቢባል ማን ያምናል?

ዜሮ ክፍልን «የቄስ ትምህርት ቤት መሰለ» እያሉ የሚያናንቁም አሉ። በየኔታ ላይ ግፍ ነው። አለንጋቸውን አላወድስም፤ ግን እያንዳንዱ ልጅ የት እንደደረሰ ያውቁ ነበር። ፊደል ያልለየ ወደ አቡጊዳ አይሻገርም፤ የፈጠነው ዳዊት ሲደግም የዘገየው ከፊደል ገበታው አይነሣም። ዜሮ ክፍል ግን ያወቀውንም ያላወቀውንም መስከረም ሲጠባ ወደ 1ኛ ክፍል ይነዳል። 1ኛ ክፍል ደግሞ ብዙ ልጆች ትምህርት የሚያቋርጡበት ነው።

የ2015ቱ የትምህርት ፖሊሲ ቅድመ አንደኛን 2 ዓመት አድርጎታል። መምህርቷ ሳትሠለጥን የተጨመረ ዓመት የመቀመጫ ጊዜ ብቻ ነው። ከሩቅ ጎጥ የሚመጣውን የ5 ዓመት ልጅማ ዝናቡ ሲበረታ ወንዙ ስለሚያግደው እሱንም አያገኘውም።

የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ሆይ፣ በሚቀጥለው ሪፖርታችሁ ከተመዘገቡት ቁጥር በፊት፣ ሰኔ ላይ ስንቱ ልጅ ፊደል እንደለየ፣ ስንቱ የሰማውን ተረት መልሶ እንደተናገረ ጻፉ። ከግቢው ምርጡን መምህርም ከ8ኛ ክፍል አንሥታችሁ ዜሮ ክፍል መድቡ።