የታፈነው ደወል

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ሐበሻ ቤት ቡና የተጠራ ሰው ቀና ብሎ ኮርኒሱን ቢያይ፣ ከወጥ ቤቱ በር በላይ በፌስታል የተጠቀለለ ክብ ነገር ሊያይ ይችላል። ፌስታሉ በላስቲክ ተጠፍሯል፤ አንዳንዱ ቤት ደግሞ ሻወር ሲወሰድ ፀጉር የሚሸፈንበት ቆብ ነው የተደረገለት። የተጠቀለለው የጭስ ማስጠንቀቂያ ነው። ጥፋቱ ቡና ሲቆላ መጮሁ ነው። ቡናው ይቆላል፣ ዕጣኑ ይከተላል፣ ማስጠንቀቂያው ቤቱን በጩኸት ይሞላዋል፣ ፎቅ ላይ ያለው ጎረቤት ይቆጣል፣ አንዳንዴም የእሳት አደጋ መኪና እያቃጨለ ከች ይላል። ስለዚህ ባለቤቲቱ ወንበር ላይ ወጥታ ታፍነዋለች። ወይም የባትሪ ድንጋዩን አውጥታ የቴሌቪዥኑ ሪሞት ውስጥ ትከተዋለች። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ቡናው ያልቃል፤ ፌስታሉ ግን እስከሚቀጥለው ዓመት እዚያው ነው።

በዚህ ጉዳይ ብዙ ተስቋል፤ እኔም ስቄያለሁ። ነገር ግን አሜሪካኖቹ ራሳቸው የሚሠሩት ከዚህ የተለየ አይደለም። እነሱ ቤከን ሲጠብሱ ያፍኑታል፣ እኛ ቡና ስንቆላ። የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር ለዓመታት ሲሰበስብ የኖረው መረጃ እንደሚያሳየው፣ በዚያ አገር በቤት ቃጠሎ ከሚሞቱት አምስት ሰዎች ሦስት ያህሉ የሚሞቱት ማስጠንቀቂያ በሌለበት ወይም ኖሮ በማይሠራበት ቤት ውስጥ ነው። እሳት ተነስቶ ሳይጮሁ የቀሩት ሲመረመሩ ደግሞ ከአሥሩ አራት በላይ የሚሆኑት ባትሪያቸው የወጣ ወይም የተነቀለ ሆኖ ይገኛል። ዕቃው ተበላሽቶ አይደለም፤ ሰው አጥፍቶት ነው።

እዚህ ላይ ሴትዮዋን መውቀስ ቀላል ነው። እኔ ግን ጥፋቱን መጀመሪያ የምሰጠው ማስጠንቀቂያውን ምድጃ አናት ላይ ለሰቀለው ሰው ነው። የጭስ ማስጠንቀቂያ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንደኛው ዓይነት በውስጡ አሜሪሲየም የሚባል ኢምንት ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ይዟል፤ ጨረሩ አየሩን ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፍ ያደርገዋል፣ ጭስ ሲገባ ያ ፍሰት ይዳከማል፣ ደወሉም ይጮሃል። ቦግ ብሎ ለሚነድ እሳት ፈጣን ነው፤ ለተጠበሰ ሽንኩርት ግን ከሚገባው በላይ ቁጡ ነው። ሁለተኛው በብርሃን የሚሠራ ነው፤ ጭስ ሲገባ ብርሃኑ ተበትኖ መቀበያው ላይ ያርፋል። እሱ ለምጣድና ለድስት ታጋሽ ነው፤ ሲጋራ ወድቆበት ውስጥ ለውስጥ ለሚጨስ ፍራሽ ግን ቀድሞ ይነቃል። ሦስተኛው ደግሞ ጭስን ከነመፈጠሩ አያውቀውም፤ የሚለካው ሙቀትን ብቻ ነው። የሙቀት ጠቋሚ ይባላል፤ ለወጥ ቤት የተሠራውም እሱ ነው። ቡና ቢቆላበት፣ ዕጣን ቢታጠንበት፣ በርበሬ ቢታመስበት ዝም ይላል።

እንግዲህ መፍትሔው ፌስታል አልነበረም። በብርሃን የሚሠራውን ከምድጃው ቢያንስ ሦስት ሜትር ያህል አርቆ ኮሪደሩና መኝታ ቤቱ ላይ መስቀል፣ ወጥ ቤቱን ለሙቀት ጠቋሚው መተው ነበር። ስኮትላንድ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2022 ጀምሮ ቤቶችን ሁሉ በሕግ ያዘዘችው ይህንኑ የሚመስል ነው፦ ሳሎንና ኮሪደር ላይ የጭስ፣ ወጥ ቤት ውስጥ የሙቀት፣ ሁሉም እርስ በርስ የተያያዙ፣ አንዱ ሲጮህ ሁሉም የሚጮሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚገኝባት ሜሪላንድም ብትሆን በባትሪ ብቻ የሚሠሩ አሮጌ ማስጠንቀቂያዎች እ.ኤ.አ. እስከ 2018 መጀመሪያ ድረስ ባትሪያቸው በታሸገና አሥር ዓመት በሚያገለግል እንዲተኩ ወስናለች። አዲሶቹ ለጥቂት ደቂቃ ዝም የሚያሰኝ ቁልፍም እንዲኖራቸው ታዟል። ሕግ አውጪዎቹ የሰውን ጠባይ አጥንተዋል፤ ባትሪው የማይወጣ ከሆነ ሪሞት ውስጥ አይገባም፤ ዝም ማሰኛ ካለው ማንም ፌስታል ፍለጋ አይሄድም።

አንዲት የወጥ ቤት ማስጠንቀቂያ ምን እንደምትሠራ ለማወቅ ግን ወደ ለንደን መሻገር ያስፈልጋል። ሰኔ 7 ቀን 2009 ዓ.ም. ግሬንፌል ታወር በሚባለው ባለ 24 ፎቅ መኖሪያ ሕንፃ አራተኛው ፎቅ ላይ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ እንቅልፍ ላይ ነበር። የቀሰቀሰው የጭስ ማስጠንቀቂያው ነው። ተነስቶ ሲያይ ጭሱ የሚወጣው ከፍሪጁ አካባቢ ነው። አብረውት የሚኖሩትን ቀሰቀሰ፣ በለንደን ሰዓት ከሌሊቱ 6፡54 ላይ ወደ እሳት አደጋ ደወለ፣ የቤቱን መብራት ከዋናው ማብሪያ አጠፋ፣ ጎረቤቶቹንም እያንኳኳ ወጣ። ሠራተኞቹ በደቂቃዎች ውስጥ ደረሱ። አንዳንድ ጋዜጦች በቀጣዮቹ ቀናት ሰውዬውን እንደ ወንጀለኛ ሲያሳድዱት ከረሙ፤ ጉዳዩን የመረመረው የሕዝብ አጣሪ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 ባወጣው ሪፖርት ግን ምንም ጥፋት እንደሌለበትና ማድረግ የሚገባውን በትክክል እንዳደረገ በግልጽ አስፍሯል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ዓለም ያውቀዋል። እሳቱ በመስኮት ወጥቶ ሕንፃውን ከውጭ ያለበሰው ተቀጣጣይ ሽፋን ላይ ተያያዘ፤ 72 ሰው አለቀ። ሕንፃው ለነዋሪው ሁሉ ተነስ፣ ውጣ የሚል የጋራ ደወል አልነበረውም። የነበረው መመሪያ እሳቱ ያንተ ቤት ካልሆነ ባለህበት ቆይ የሚል ነው፤ መመሪያው የተሻረውም ከሌሊቱ 8፡47 ላይ፣ የመጀመሪያው ስልክ ከተደወለ ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ሕንፃ ውስጥ፣ የሚሠራ ደወል ያለበትና የሌለበት ቦታ ጎን ለጎን ታየ። እሳቱ በተነሳበት ቤት የነበሩት በሙሉ በሕይወት ወጥተዋል።

ወደ አዲስ አበባ ልመለስ። እኛ ጋ ያለው ችግር በመኖሪያ ቤትና በንግድ ሕንፃ ፈጽሞ ይለያያል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ በአብዛኛው የሚታፈን ማስጠንቀቂያ እንኳ የለም። የሳሎኑ ዕቃ ግን ተለውጧል። የእናቶቻችን ቤት መደብ፣ አጎዛ፣ የእንጨት ወንበርና የጥጥ ፍራሽ ነበረው፤ ዛሬ ሶፋው ፎም፣ መጅሊሱ ፎም፣ ምንጣፉ ሰው ሠራሽ፣ መጋረጃው ፖሊስተር ነው። ፎም ሲነድ እንደ እንጨት አይደለም። በአሜሪካ በተደረጉ የቃጠሎ ሙከራዎች፣ በአሁኑ ዕቃ የተሞላ ሳሎን አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ከወለል እስከ ጣሪያ እሳት ሲሆን፣ በድሮ ዕቃ የተሞላው ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቷል። ጭሱም መርዝ ነው። የተኛ ሰው ደግሞ ጭስ ሸትቶት ይነቃል ብሎ ማመን አይቻልም፤ ሽታ እንቅልፍ አያባርርም፣ ጩኸት ግን ያባርራል። ለዚህ ነው በባትሪ ድንጋይ የምትሠራ አንዲት ማስጠንቀቂያ ለቤት ምርቃት ከሚመጣው የብርጭቆ ስብስብ ትበልጣለች የምለው። (በነገራችን ላይ፣ የጭስ ማስጠንቀቂያ የከሰል ጋዝን አያውቅም። ከሰል አቀጣጥለው በር ዘግተው የሚተኙ ሰዎችን የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ እሱን የሚለይ ሌላ መሣሪያ ነው። ከሁሉም በላይ ግን ከሰሉን ውጭ ማሳደር ነው።)

የንግድ ሕንፃዎቹ ታሪክ ሌላ ነው። እዚያ ማስጠንቀቂያው አለ፤ ኮርኒሱ ላይ ነጭ ነጭ ክብ ነገር ተደርድሯል፣ በየደረጃው መውጫ ላይ ሰብረው የሚጫኑት ቀይ ሳጥን አለ፣ ምድር ቤት ጥበቃዎቹ የሚቀመጡበት ጋ የመቆጣጠሪያው ፓኔል ተሰቅሏል። ርክክብ ሲደረግ ተቆጣጣሪ መጥቶ አይቶታል፣ ፈቃድ ተሰጥቷል፣ ፎቶ ተነስቷል። እስቲ አሁን ሄዳችሁ ፓኔሉን እዩት። ጤነኛ ከሆነ አረንጓዴ መብራት ብቻ ነው የሚበራበት። እኔ በቅርቡ ጉዳይ ለመጨረስ የገባሁበት አንድ ሕንፃ ፓኔል ላይ ሁለት ቢጫ መብራቶች እየበሩ ነበር። ቢጫ ማለት ብልሽት አለ ማለት ነው። ጥበቃውን፦

«ጋሼ፣ ይኼ ቢጫ ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«እሱ ምንም አይደል፤ እኔ ስቀጠርም ነበረ» አሉኝ።

ሰውዬው የዋህ ናቸው፤ ማንም አላስተማራቸውም። የሚያውቁት አንድ ቁልፍ ብቻ ነው፣ ሲጮህ የሚያጠፋውን። ቢጫው የሚበራበት ምክንያት ብዙ ሊሆን ይችላል፤ የአዲስ አበባን ሕንፃ ግን እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው በመጠባበቂያ ባትሪው ነው። ፓኔሉ ውስጥ መብራት ሲጠፋ የሚሠሩ ባትሪዎች አሉ፤ ዕድሜያቸው ጥቂት ዓመት ነው፤ መብራት በጠፋ ቁጥር እስከ ማለቅ የሚደርሱ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ያጥራል። ባትሪው ከሞተ፣ በኤሌክትሪክ ምክንያት የተነሳ እሳት መብራቱን ቀድሞ ሲያጠፋው ደወሉም አብሮ ይጠፋል። ቀጥሎ አቧራ ነው። ከተማው በሙሉ እየተቆፈረና እየተገነባ፣ ጠቋሚዎቹ አቧራ ሲጠጡ ይውላሉ፤ አቧራ የጠጣ ጠቋሚ ወይ በከንቱ ይጮሃል ወይ ጨርሶ ይደነዝዛል። ሱቅ ሲታደስ ቀለምና ሲሚንቶ እንዳይገባበት በላስቲክ ክዳን ይሸፈናል፤ መሸፈኑ ትክክል ነው፣ ግን አናጢው ሂሳቡን ተቀብሎ ሲሄድ ክዳኑን የሚያወርድ የለም። የሲልቨር ስፕሪንጉ ፌስታል ቦሌም አለ ማለት ነው፤ ልዩነቱ እዚህ በሥሩ የሚውለው የገበያተኛ ብዛት ነው።

በከንቱ መጮህ የራሱ ገዳይነት አለው። እ.ኤ.አ. ጥር 2000 ኒው ጀርሲ በሚገኘው ሴተን ሆል ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች መኖሪያ ውስጥ እሳት ሲነሳ ደወሉ በደንብ ጮኋል። ተማሪዎቹ ግን ከመስከረም ወዲህ ደጋግሞ በውሸት ሲያስነሳቸው ስለከረመ ብዙዎቹ ብርድ ልብሳቸውን ተከናንበው ተኙ። ሦስት ተማሪዎች ሞቱ። ከዚያ የሚከፋውን ባንግላዲሽ አሳየችን፤ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2012 ዳካ አጠገብ ታዝሪን በሚባለው የልብስ ፋብሪካ ደወሉ ሲጮህ ሠራተኞቹ ሊወጡ ተነሱ፣ አለቆቹ ግን ምንም የለም ብለው ወደ ስፌት መኪናቸው መለሷቸው። ቢያንስ 112 ሰው ሞተ። ልብስ ሰፊ ወጣቶችን በሺህ የምትቀጥር አገር ይህን ታሪክ ለየፋብሪካው ኃላፊ ብታነብለት አይከፋም።

ስለዚህ ጥገና ማለት ዕቃውን መወልወል ብቻ አይደለም፤ ሰው ደወሉን እንዲያምነው ማድረግም ነው። እንግሊዞች ለንግድ ሕንፃ ያወጡት ደረጃ ቀላልና ብልህ ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ በታወቀ ሰዓት፣ ከቀዮቹ ሳጥኖች አንዱ ይሞከራል። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላው፣ ከዚያ ሌላው፤ ተራው ሁሉንም እስኪያዳርስ። ደወሉ የት ድረስ እንደሚሰማ ይታያል፣ በመዝገብ ይጻፋል። ሰዓቱ የታወቀ ስለሆነ ማንም አይደናገጥም፤ ከዚያ ሰዓት ውጭ የጮኸ ዕለት ግን ሙከራ ነው ብሎ የሚቀመጥ የለም። ባለሙያ ደግሞ ቢያንስ በስድስት ወር አንዴ መጥቶ ባትሪውን ይለካል፣ ጠቋሚዎቹን ያጸዳል፣ በሰው ሠራሽ ጭስ ይፈትናል። ለዚህ ገንዘብ የለም ከተባለ፣ ገንዘብ የማይታጣለት ሊፍት አለ፤ ሊፍቱ ሲቆም ተከራይ ስለሚጮህ በማግስቱ ይሠራል። ደወሉ ሲሞት የሚጮህ የለም፤ ራሱ ነበር የሚጮኸው።

የመርካቶው ጉዳይ ከዚህም ይከብዳል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት ሸማ ተራ ሲነድ ያየን ሰዎች መኪና የማያስገባ መንገድ ምን እንደሚያደርግ አይተናል፤ በተጠጋጋ ሱቅ ውስጥ እሳት የጎረቤትን ግድግዳ አይጠይቅም። እንዲህ ባለ ቦታ ከተቆለፈ መዝጊያ ጀርባ ብቻውን የሚጮህ ማስጠንቀቂያ ለማንም አይጠቅምም። ድምፁ ውጭ፣ የሌሊት ጥበቃው ባለበት መሰማት አለበት። የተራው ነጋዴዎች ለጥበቃ በጋራ እንደሚያዋጡት ሁሉ ለተያያዘ ደወልም ማዋጣት ይችላሉ፤ የዕቁብ አገር ሰው ይህ ሊከብደው አይገባም።

ቤታችሁ ማስጠንቀቂያ ካለ በወር አንድ ቀን፣ ለምሳሌ የመብራት ክፍያ በሚከፈልበት ቀን፣ መሞከሪያ ቁልፉን በጣታችሁ ወይም በመጥረጊያ እጀታ ተጫኑት። ካልጮኸ ድንጋዩን ቀይሩ። በየደቂቃው ጢው የሚል ከሆነም ባትሪ ጨርሻለሁ እያለ ነውና አትንቀሉት፣ ቀይሩለት። ጀርባው ላይ የተመረተበት ዓመት ተጽፏል፤ አሥር ዓመት ካለፈው ቢጮህም አውልቃችሁ ጣሉት። የሕንፃ ባለቤት የሆናችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ምድር ቤት ወርዳችሁ ፓኔሉን እዩ፤ ቢጫ ካለ ባለሙያ ጥሩ፣ ለጥበቃዎቻችሁም ከማጥፊያው ሌላ ያሉትን ቁልፎች አስተምሯቸው። አዲስ አበባ ውስጥ የእሳት አደጋ ነፃ የስልክ መስመር 939 ነው። ፓኔሉ አጠገብ በትልቁ ጽፋችሁ ለጥፉት።