ስለ አንድ ዛፍ የቀረበ ሙግት

ሰሞኑን ለአንድ ወዳጄ ስለ አንድ ዛፍ ሳወጋው ሳቀብኝ። «አንድ እንጨት አይነድም፣ አንድ ሰው አይፈርድም ሲባል አልሰማህም?» አለኝ። ሰምቻለሁ። የዚያ ዛፍ ግንድ ግን የሰደድ እሳት ጠባሳ ይዞ ነው የተገኘው፤ አንድ እንጨትም ይነዳል። ሙግቴ ከዚህ ይጀምራል።

ዛፉ በአሜሪካ፣ በቴክሳስ ግዛት፣ በቢግ ቤንድ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ባሉት የቺሶስ ተራሮች የሚበቅል የኦክ ዓይነት ነው። ሊቃውንቱ ኩዌርከስ ታርዲፎሊያ ይሉታል፤ ቅጠሉ የዘገየ እንደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ጠፍቷል ተብሎ ታምኖ ነበር። በ2022 ተመራማሪዎች ዘጠኝ ሜትር ገደማ የሚረዝም አንድ ዛፍ አገኙ፤ እሳት የለበለበው፣ ፈንገስ የጸናበት።

«ፍሬውን ማስቀመጥ ነዋ!» ይላል ወዳጄ። የኦክ ፍሬ እንደ ጤፍ በጎተራ አይከርምም፤ ከደረቀ ይሞታል። ወይ ፍሬው ተተክሎ ይበቅላል፣ ወይ ቅርንጫፉ በሌላ ኦክ ግንድ ላይ ተጣብቆ ይቀጥላል። ኦክን በሕይወት የሚያቆየው ሕያው ኦክ ነው።

«ዲቃላ እንጂ ራሱን የቻለ ዝርያ አይደለም የሚሉም አሉ» ይላል። አሉ። ኦኮች እርስ በርስ ይዳቀላሉና ክርክሩ ተገቢ ነው። ነገር ግን ደራሲው አከራከረ ተብሎ ብራና እሳት ውስጥ አይጣልም። ደግሞስ ዛፉ ከሞተ በክርክሩ ማን ይመሰክራል?

«ለእኛስ ምናችን ነው? የአገራችን ዛፍ አይደል!» ሲለኝ ግን እቆጣለሁ። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉውን የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው። ሌላው ዓለም ሲያጣው አባቶቻችን ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው፣ ትውልድ ለትውልድ ገለበጡት። በዚህ የምንኮራ ሰዎች አንድ ብቻ የቀረውን ነገር «አንድ ነው» ብለን እንንቃለን? አንድ መሆኑ የመጠበቂያው ምክንያት እንጂ የመናቂያው አይደለም።

ችግሩም የአንድ ዛፍ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ጥናት እንደሚለው፣ በዓለም ካሉት 430 ገደማ የኦክ ዝርያዎች 31 በመቶው የመጥፋት አደጋ ተጋርጦባቸዋል።

እኛ የግጥም ወዳጆች ዛፍን እናወድሳለን፤ ስሙን ግን ስንቶቻችን እንጠይቃለን? በየደብሩ ቅጥር ብቻውን የቀረውን አገር በቀል ዛፍ ስንቶቻችን በስሙ እንጠራዋለን? ስሙን ያላወቁለት ነገር ሲጠፋ አልቃሽ እንኳ የለውም።

ወዳጄ እስካሁን አልተረታልኝም። አንድ ሰው አይፈርድምና እናንተ ፍረዱን።